የሳል ዶክተር ፋይሎች

ባለቤቴ ከሞተች በኋላ የኮፒ ቤቱን በር ሰባት ወር ሙሉ አልከፈትኩትም። ሰው ሐዘን ነው ብሎ ዝም አለኝ። ሐዘን ይሁን ስንፍና እኔም አላጣራሁም። ቁልፉ ከመጋዘኑ ቁልፎች ጋር አንድ ቀለበት ላይ ስለሆነ በቀን ሃያ ጊዜ እጄ ይነካዋል። ስነካው የተሰማኝ ነገር የለም። ቁልፍ ነው።

ቤታችን ሚዛን አማን ከተማ ውስጥ፣ ከመንገድ ዳር ነው። ከኋላ የእኔ የቡና መጋዘን አለ፤ መፈልፈያው፣ ሚዛኑ፣ ሴቶቹ ተደርድረው ቡና የሚለቅሙበት ረጅም አዳራሽ። ከፊት፣ በመንገዱ በኩል፣ የእሷ ክፍል ነበር። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ ደግሞ የማይሠራ ማተሚያ። በሁለቱ መካከል እኛ የምንኖርባቸው ሁለት ክፍሎች አሉ። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ የቀረውን መናኸሪያ አስተማረኝ። እሷ ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች፤ ስለዚህ ራስ የሚያዞር ወረቀት ሁሉ ወደ እሷ ይመጣ ነበር። እኔ ቡናውን አየሁ፣ እሷ ወረቀቱን አየች። እንዲህ ኖርን።

ዶክተሩ የመጣው በሰባተኛው ወር ነው። ቀኑ እንደ ሚዛን ቀን ሁሉ ጠዋት ፀሐይ፣ ረፋድ ላይ ዝናብ ነበር። በሽተኛም ያክማል፣ ዩኒቨርሲቲም ያስተምራል፤ እኛ የምናውቀው ግን በጥናቱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በቡና መጋዘን የሚሠሩ ሴቶችን ደረት ሊያጠና መጥቶ ነበር። ገንዘቡን ያወጣው አንድ የውጭ አገር መንግሥት ነው። ከሚዛንና ከቴፒ በኩል አራት መጋዘኖች ተመረጡ፤ የእኔ አንዱ ሆነ። እኔ እሺ ያልኩት ለሳይንስ ብዬ አይደለም። እምቢ ያለ ነጋዴ የሚደብቀው ነገር አለው ይባላል፤ እሺ ያለ ግን ዝም ይባላል።

ያኔ ሴቶቹ አንገት ላይ አቧራ የሚመጥ ትንሽ ፓምፕ አንጠለጠሉ። ይሄን ማንም አልተቃወመም። ቀጥሎ ቱቦ አምጥተው በኃይል ተንፍሱበት ሲሏቸው ግን አዳራሹ በሙሉ እጁን አጣጠፈ።

«ትንፋሻችንን ወስደው ምን ሊያደርጉበት ነው?» አለች አንዷ።

«ሊሸጡት ነዋ!» አለች ሌላዋ፤ ሳቁ፣ ግን ማንም አልተነሳም።

ባለቤቴ ጩኸቱን ሰምታ ከፊት ክፍል መጣች። የስምምነት ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ከዚያ እሷም ጥዋት ጥዋት አብራቸው ትለቅም ስለነበር፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ መጀመሪያ የተነፈሰችው እሷ ሆነች። ሦስት ጊዜ። ፊቷ ቀላ። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ «ፊኛ መንፋት ነው» አለች፣ «ፊኛውን ግን አይሰጡም።» ከዚያ በኋላ ሁሉም ተሰለፉ። ሰዎቹ ሲሄዱ፣ ተመልሰን እናያችኋለን፣ ደረታችሁ እንዴት እንደሆነ እንነግራችኋለን ብለው ሄዱ።

እንግዲህ ይህ ዶክተር ነው በሰባተኛው ወር እንደ በሰበሰ ድመት ረጥቦ መጋዘኔ በር ላይ የቆመው።

«ጋሼ፣ የእትዬን ኮምፒውተር ሸጡት እንዴ?»

«ማን ይገዛዋል? ሲበራ ከእኔ መፈልፈያ በላይ ይጮኻል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን!»

«ኮምፒውተር ስላልተሸጠ እግዚአብሔር ሲመሰገን ዛሬ ሰማሁ። ግባና ተቀመጥ።»

ተቀመጠና ነገሩን አስረዳኝ። ጥናቱ ተጽፎ በውጭ አገር የሕክምና መጽሔት ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው። ገንዘቡን ያወጣው መንግሥት ደግሞ ሕግ አለው። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የሕክምና ጥናት በወጣ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ በሕዝብ መዝገብ ገብቶ ማንም ሰው በነጻ የሚያነበው መሆን አለበት። ካልገባ የሚቀጥለው ገንዘብ አይለቀቅም። የሚቀጥለው ገንዘብ ማለት ሁለተኛው ዙር ነው፤ እነዚያኑ ሴቶች መልሶ መለካት፣ የማን ትንፋሽ እንደደከመ ማየት፣ የደከመባትን ወደ ሕክምና መላክ።

«ስንት ቀን ቀረህ?»

«አሥራ አንድ።»

«ታዲያ አስገባዋ። እኔ ጋ ምን ታደርጋለህ?»

«አስገብቼ ነበር። መለሱት።»

ያስገባው መጽሔቱ ያተመውን ነበር፤ መስመሩ የተስተካከለውን፣ የመጽሔቱ ስም አናቱ ላይ ያለበትን። ያ ደግሞ የአሳታሚው ነው፤ ወደ ሕዝብ መዝገብ ማስገባት አይፈቀድም። የሚፈለገው ገምጋሚዎች አይተውት፣ ታርሞ፣ መጽሔቱ ተቀብያለሁ ያለው የደራሲው የራሱ ጽሑፍ ነው፤ አሳታሚው እጁን ሳያስገባበት በፊት ያለው። ዶክተሩ ይህን ሲያስረዳኝ ሦስት ጊዜ ደጋገመው፤ የማይገባኝ መስሎት። እኔ ግን በመጀመሪያው ገብቶኛል። ቡናው ተፈልፍሎ፣ ተለቅሞ፣ ተመርምሮ አልፏል፤ ግን ገና የላኪው ማርክ ባለበት ጆንያ አልገባም። እስከዚያ ድረስ የእኔ ነው። ማርኩ ከታተመበት በኋላ የእሱ ነው። እንዲህ አልኩት።

«እንደሱ ነው ጋሼ! ለተማሪዎቼ እንዲህ ብዬ ነው የምነግራቸው።»

«ንገራቸው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ይሄ የታተመው አሁን ማን ያነበዋል?»

«የከፈለ። በውጭ ምንዛሪ ነው።»

«ገንዘቡን የሰጠው ሕዝብ ሳይከፍል አያነበውም፣ የሳሉት እነዚህ ሴቶች ሳይከፍሉ አያነቡትም፣ የጻፍከው አንተ ደግሞ አልተከፈለህም።»

«አዎ።»

«እኔ ነጋዴ ነኝ ብዬ ነበር እስከ ዛሬ።»

ሳቀ፤ ደስ ብሎት ግን አልነበረም። ያቺን የራስህን ጽሑፍ የት አደረግሃት ስለው ዓይኑን ወደ ዝናቡ አዞረ። ላፕቶፑ ውስጥ ነበረች። ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ። ቦርሳውን ከቴፒ ሲመለስ ሚኒባሱ ሞልቶበት ጣሪያ ላይ፣ ከሙዝ ጋር አስጫነው። ዝናብ ጣለ። ሙዙ ምንም አልሆነም። የድሮው የቢሮ ኢሜይሉ አሠራሩ ሲቀየር አብሮ ተዘግቷል፤ የመጽሔቱ ድረ ገጽ የሚያወጣለት ያንኑ ያማረውን ነው፤ ውጭ አገር ያለው የሥራ ባልደረባው ጡረታ ወጥቶ መልስ አይሰጥም።

«ግን የመጨረሻዎቹን እርማቶች የሠራሁት እዚህ ነው» አለኝ። «ዩኒቨርሲቲው ግቢ መብራት ሳምንት ሲጠፋብን፣ እትዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ። ትዝ አይልዎትም?»

ትዝ ይለኛል። ነገ ና አልኩት። ሥራ ስለነበረብኝ አይደለም።

እሱ ከመውጣቱ ጎረቤቴ ገባ። ከጅማ በኩል የመጣ ነጋዴ ነው፤ ቡናም፣ ኮረሪማም፣ ማርም ይነግዳል፤ ሱቁና መጋዘኑ ከእኔ ጋር ግድግዳ ይጋራሉ። በሃያ ዓመት ጉርብትና ያጣላን ነገር ቢኖር ግድግዳው ብቻ ነው። የእሱም መጋዘን ከአራቱ አንዱ ነበር።

«ሰማሁ» አለ።

«ግድግዳው ስስ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ያ ወረቀት ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

«አላነበብኩትም።»

«እኔም አላነበብኩትም። ግን ስለ አቧራ ነው፤ አቧራው ደግሞ የአንተና የእኔ ነው።»

«ስማችን የለበትም አሉ። አንደኛ መጋዘን፣ ሁለተኛ መጋዘን ነው የሚለው።»

«ወላሂ አንተ እንደ ሞኝ ማውራት ለመድክ! ሚዛን ውስጥ ሁለተኛው መጋዘን የማን እንደሆነ ለመቁጠር ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል? አሁን በውጭ ምንዛሪ ተቆልፏል፤ ተቆልፎ ይቅር። በገዛ እጅህ የክስ ወረቀት ታባዛለህ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምንም! ቁልፉ ጠፋኝ በለው። አሥራ አንድ ቀን ዝም ማለት ምን ያቅተዋል ሰው?»

እውነቱን ነው። እኔ ሰባት ወር ዝም ያልኩ ሰው ነኝ። አሥራ አንድ ቀን ብጨምርበት ምንም የሚለየው የለም፤ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ማንም መጥቶ ቁልፉን አይጠይቀኝም። ጎረቤቴ ሲወጣ ይህን እያሰብኩ ወደ አዳራሹ ገባሁ። ሴቶቹ እየለቀሙ ነው። መፈልፈያው ቆሞ ነበር፤ አቧራው ግን መሸነፍ አያውቅም፤ ከመስኮቱ በገባው ብርሃን ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። ድሮ አይታየኝም ነበር። አሁንም ቢታየኝ ያው አቧራ ነው።

ከሁሉ በዕድሜ የምትበልጠዋ ለቃሚ፣ የቤንች ሰው ናት፣ አማርኛዋን በራሷ ዜማ የምትናገር፣ ቀና ብላ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ያ ዶክተር መጣ አሉ። ትንፋሻችንን መቼ ነው የሚያዩት? እንመለሳለን ብለው ነበር።»

«ወረቀታቸው ጠፍቶባቸዋል።»

«እኛ የተጻፍንበት?»

«አዎ። አንዱ ቅጂ እዚህ ሳይኖር አይቀርም፤ በእትዬ ኮምፒውተር።»

«እህ። እሷ ጋ ከሆነ አለ» አለችና የተበላሸውን ፍሬ ወደ ግራ ወረወረች። ሥራዋን ቀጠለች። ስላመነች ነው፤ አላየችኝም እንኳ።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ከፈትኩ። ይከብደኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የከበደው ግን ማጠፊያው ነው፤ ዝጎ ነበር። ውስጡ የእርጥበት ሽታ አለ። የኮፒው ወረቀት ረጥቦ እንደ ዳቦ አብጧል። ሹራቧ ወንበሩ ላይ ነበር። አንስቼ መስማር ላይ ሰቀልኩት፤ ዶክተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ኮምፒውተሩ እየጮኸ ተነሳ። ባለቤቴ አንድ ልማድ ነበራት፤ ለሰው ያተመችውን ነገር ሁሉ ታስቀምጣለች። ሰው በፍላሽ ያመጣል፣ ታትምለታለች፣ ከሳምንት በኋላ ፍላሹን ቫይረስ በላው ብሎ እያለቀሰ ይመጣል። ስለዚህ ሳትጠየቅ ታስቀምጥ ነበር። ችግሩ ስማቸውን አትጽፍም። «ስም ከጻፍኩ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ያነበዋል» ትል ነበር። «ደግሞ ስም አይያዝልኝም፤ ፊት ነው የሚያዝልኝ።» ዶክተሩ ማኅደሩን ሲከፍተው ከላይ እስከ ታች እንዲህ ያለ ነገር ተዘረገፈ፦ ሁሌ የሚቸኩለው መምህር። ፍርድ ቤት ያለባት ልጅ። ሙሽሮቹ ጥሪ ካርድ። ሙሽሮቹ ጥሪ ካርድ እንደገና ሙሽራው ተቀይሮ።

ዶክተሩ እያነበበ ሳቁን መያዝ አቃተው። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«ሳል ዶክተር» አለ። «እኔ ነኝ?»

«ሌላ ማን አለ?»

ሦስት ነበሩ። ሳል ዶክተር። ሳል ዶክተር የተናደደ ቀን። ሳል ዶክተር ሻይ የጋበዘን ቀን። የተማረ ሰው ነው፤ በስም አልመረጠም። ኮምፒውተሩ ከእያንዳንዱ ጎን የጻፈውን ቀን አየና የመጨረሻውን ቀን የያዘውን ያዘ፤ የተናደደ ቀን የሚለውን። ወዲያው በስልኩ ኢንተርኔት ከፍቶ ወደ መዝገቡ መላክ ጀመረ። የጥናቱን ገንዘብ ቁጥር ጻፈ፣ የመጽሔቱን ስም ጻፈ፣ ምልክት አደረገ። ግማሽ ላይ መብራት ጠፋ። የመጋዘኑን ጄኔሬተር አስነሳሁለት፤ ለአንድ ጽሑፍ ሃምሳ ኩንታል የሚፈለፍል ሞተር። እንደገና ከመጀመሪያ ጀመረ። ሄደ። እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ወጣ።

እኔ በሩን መልሼ አልቆለፍኩም። መቆለፍ ረስቼ ነው።

በሰባተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ዝናብ አልነበረም፣ ፊቱ ግን የዚያን ቀን ይመስል ነበር።

«መለሱት ጋሼ። መጽሔቱ የተቀበለው ይሄ አይደለም አሉ። ሰንጠረዥ ይጎድለዋል።»

«ስንት ቀን ቀረ?»

«ሦስት።»

«ቀኑን አይተህ አይደል የመረጥከው?»

«አዎ፣ የመጨረሻው እሱ ነው ይላል ኮምፒውተሩ።»

«ይሄ ኮምፒውተር?» ያኔ ነው የገባኝ። ይሄን ለማወቅ አራተኛ ክፍል ይበቃል፤ ለሁለት ዓመት ስትማረርበት ሰምቻለሁ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታለች፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳና ከዓመታት በፊት ካለ ቀን ይጀምራል። «መብራት ሲሄድ ይሄ ዕቃ ወደ ወጣትነቱ ይመለሳል» ትል ነበር፤ «ምነው እኔንም እንዲህ ባደረገኝ!» አንዳንድ ቀን በእጇ ታስተካክለዋለች፣ አንዳንድ ቀን ትተወዋለች። እዚህ ከተማ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ደግሞ ዶክተሩም ያውቃል። «ቀኑ ውሸት ነው» አልኩት። «እውነቱ ስሙ ነው።»

«ስሙ ምን ይነግረኛል?»

«የተናደድከው ለምን ነበር?»

አሰበ። «ገምጋሚዎቹ የጻፉት ደርሶኝ ይሆናል። አንዱ አስተያየቱ ረጅም ነበር።»

«ከዚያስ?»

«አረምኩት። ሰንጠረዥ ጨመርኩ። ላኩት። ተቀበሉት።»

«የተቀበሉህ ቀን እዚህ መጥተህ አሳተምከው። ለአዳራሹ ሁሉ ሻይ ጋበዝክ።»

«ጋበዝኩ እንዴ?»

«ስኳር አልቆባት የሻይ ቤቷ ሴትዮ ከእኔ ቤት ወሰደች።»

«ይሄን ሁሉ እንዴት ያስታውሳሉ?»

«ሻዩን ስለጠጣሁት ነው።»

ያን ቀን አብራን ጠጥታለች። ብርጭቆውን ኮፒ ማሽኑ ላይ አስቀምጣ፣ እየሳለች፣ ዶክተሩ ሲስቅ የላይኛው ጥርሱ እንደሚታይ ነግራኝ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚታያት።

ሦስተኛውን ከፈተው። ወደ ታች ወረደ። አራተኛ ሰንጠረዥ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ሰንጠረዡ አለ፤ የጎደለው እሱ ነበር። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን ሰንጠረዡን እንደገና ከላይ ማንበብ ጀመረ።

«ምንድን ነው?»

«ያ ገምጋሚ የጠየቀው ነው። መጋዘን ውስጥ ብቻ የሚሠሩትንና እዚያው ግቢ ውስጥ የሚኖሩትን ለዩልኝ ብሎ ነበር። ለየናቸው።»

በአራቱ መጋዘኖች ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ሴቶች ስንት እንደነበሩ እኔም አውቃለሁ፤ በጣት ይቆጠራሉ። በእኔ ግቢ ሁለት፤ የዘበኛው ሚስትና የእኔ።

«የእነሱ ይብሳል?»

«በመጠኑ። ግን ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም ብለን ጽፈናል። እዚህ ጋ አለ፣ ላንብብልዎት?»

«አቧራው ነው ወይ የገደላት?»

መፈልፈያው ቆሞ ስለነበር ከአዳራሹ የሴቶቹ ድምፅ ይሰማ ነበር። ስለ ገበያ እያወሩ ነው።

«ጋሼ፣» አለ፣ «ወረቀቱ ስለ አንድ ሰው አይናገርም። ስለ ብዙ ሰው ነው የሚናገረው። ስለ አንድ ሰው ከጠየቁኝ አላውቅም።»

«እሺ።»

«ከፈለጉ…» ብሎ ጀመረ። ምን ሊል እንደነበር አውቃለሁ፤ ልተወው ሊል ነው። እጁ ማውሱ ላይ ነበር፤ አልጫነውም። እኔን እየጠበቀ ነው። የሚጠብቀው ፈቃድ ነው፤ ሕጉ የእኔን ፈቃድ አይጠይቅም፣ እሱ ግን ጠየቀ። አሳዘነኝ ልበል? አላሳዘነኝም። ሰው ትክክለኛውን ነገር ሲያደርግ ማየት ነው፤ አየሁት፣ በቃ።

«ላከው» አልኩ። «መብራቱ ሳይሄድ።»

ላከው። ጽሑፉ ሲሄድ የምትሞላ አንዲት ሰማያዊ መስመር አለች፤ እስክትሞላ ሁለታችንም እሷን አየን። ከሁለት ቀን በኋላ መዝገቡ ጽሑፉን በራሱ መልክ አዘጋጅቶ፣ ይሄ ያንተ ነው ወይ፣ ተስማምተሃል ወይ ብሎ ላከለት። አንድ ጊዜ እሺ ማለት አይበቃም፤ ሁለተኛ እሺ አለው። ይህን የማያውቅ ሰው ጨረስኩ ብሎ ይተኛል፤ ዶክተሩ ግን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ስለተመለሰበት ስልኩን ከእጁ አላወጣም። በመጨረሻዋ ቀን ከሰዓት፣ ገብቷል የሚል የመዝገብ ቁጥር ተሰጠው። መጋዘን በር ላይ ቆሞ ቁጥሩን አነበበልኝ፤ እኔም ሰማሁት። ገንዘቡ እንደሚለቀቅ በዚያው ሳምንት ነገሩት።

ጎረቤቴ ለሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ስልኩን ይዞ መጣ።

«አየሁት» አለ። «ዝም ብሎ ተከፈተ። ምንም ክፈል አላለኝም።»

«ምን ይላል?»

«እንግሊዝኛ ነው የሚለው።»

«ሁለተኛው መጋዘን አለበት?»

«ሁለቱም አለንበት። አንተ ስትነበብ ምንም አትመስልም።» ስልኩን ኪሱ ከተተ። በሳምንቱ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ሁለት መስኮት ሲያስቀድድ አየሁት። ምነው ስለው ሙቀቱ ነው አለኝ። እኔም ለሴቶቹ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ገዛሁ፣ ከመፈልፈያው ጀርባ ግድግዳ አስፈረስኩ። ምነው ሲለኝ፣ ሙቀቱ ነው አልኩት።

ዶክተሩ ጽሑፉ ምን እንደሚል ለለቃሚዎቹ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጻፈላቸው፤ እኔ በእሷ ማሽን ባበጠው ወረቀት ላይ አባዛሁት። ማንበብ የምትችል ለማትችለው አነበበች። ሲያልቅ አንጋፋዋ፣ «እንደምንስል ነው የጻፈው?» አለች።

«አዎ።»

«ይሄን እኛ ብንነግረው አይቀለውም ነበር?» አለች፤ አዳራሹ ሳቀ፣ ሳሉ ተከተለ።

ሁለተኛው ዙር ክረምቱ ሲወጣ ሊጀመር ሆነ። ከመጀመሩ በፊት ዶክተሩ የመጀመሪያውን ዙር ሴቶች ዝርዝር ይዞ መጣ፤ ማን አለች፣ ማን የለችም፣ ተጣርቶ መሞላት አለበት። ይህም የዚያው መንግሥት ቅጽ ነው። ሚዛኑ አጠገብ ተቀመጥን። እሱ ከነአባታቸው ስም ያነባል፣ እኔ እመልሳለሁ።

አለች። አለች። ማሻ ከተማ አግብታ ሄደች። አለች። ቴፒ፣ እርሻ ላይ ተቀጥራለች፣ ስልኳን እሰጥሃለሁ። አለች፤ ወልዳለች። አዲስ አበባ ናት አሉ።

ገጹን ገለበጠ። የሚቀጥለውን ስም አነበበ፤ ግማሹን ካነበበ በኋላ ነው የማን እንደሆነ የታወቀው። ሆስፒታል ከተኛችበት ጊዜ ወዲህ ማንም በሙሉ ስሟ ጠርቷት አያውቅም። ቀና አላለም። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«የለችም» አልኩ። «ጻፍ።»

ጻፈ። «ምክንያት የሚል ቦታ አለው፣ ጋሼ።»

«ሞት በል። ሌላ የምታውቀው ነገር ካለ እሱን ጨምር።»

ሞት ብሎ ጻፈ፤ ሌላ አልጨመረም። ጽሕፈቱ ያምራል፤ የዶክተር አይመስልም።

«ቀጥል» አልኩት።

የሚቀጥለውን ስም አነበበ።

«አለች» አልኩ። «ዛሬ ግን ገበያ ሄዳለች።»